ገብረ ማን? ስለ ወንድ ልጅ የክርስትና ስምና ስለ ቁልምጫው

በመስቀል ማግስት ወንድ ልጅ የተወለደላቸውን አንድ የቁምስናችንን ባልና ሚስት ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ጸሎት ካደረስንና የአራስ ቤቱ ገንፎ ከቀረበ በኋላ፣ እንደ ተለመደው፣ «የሕፃኑ ስም ማን ሊባል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ ዝም አለ። ቆይተው የአባትየው እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው፣ «እነርሱን ይጠይቋቸው አባ፤ ቁልምጫውን አስቀድመው ይዘው ስም እየፈለጉለት ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። ወጣቷ እናት ልጇን «ናቲ» ብላ ለመጥራት ገና ሳትወልደው ወስናለች፤ ስለዚህም ናትናኤል ይባል ትላለች። አያትየው ደግሞ ልጁ የተወለደው በመስቀል ሰሞን ነውና ገብረ መስቀል ካልተባለ ለማን ሊቀመጥ ነው ይላሉ። ስሙ የነገሥታት ስም መሆኑንም ያውቃሉ፤ የቅዱስ ላሊበላ የንግሥና ስም ገብረ መስቀል ነበርና። ምራታቸው ለዚህ የሰጠችው መልስ አጭር ነው፦ «እማማ፣ ገብረ መስቀል ብንለውም ሰው ሁሉ ገብሬ ነው የሚለው፤ ገብሬ ደግሞ የሽማግሌ ስም ነው።» አባትየው በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ገንፎውን ይበላል።

በዚያች ሰዓት እኔ ለአያትየው አደላሁ። ስም እንጂ ቁልምጫ አይመረጥም፤ ቁልምጫ ከፍቅር በራሱ ጊዜ ይመጣል ብዬ ጥቂት ተናግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ የሰጠሁት መልስ የችኮላ መሆኑ ታየኝ። ሕፃኑ በጥምቀት ቀን ሙሉ ስሙ ይጠራል፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ይጻፋል፤ ከዚያ ውጭ ግን እስኪያድግ ድረስ በየቀኑ፣ በጓዳና በደጅ፣ የሚሰማው ቁልምጫውን ነው። እናት አፏን ከፍታ ሺህ ጊዜ የምትጠራውን ቃል አስቀድማ ማሰቧ የሚያስነቅፋት አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቻችን ይህን ሳናስብ በመቅረታችን የጠፋ ነገር አለ። ይህን ጽሑፍ ለምእመናንና በተለይም ወላጆችን ለጥምቀት ለሚያዘጋጁ ካቴኪስቶች የማቀርበውም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የቤትና የፍቅር ስምን የሚጠየፍ አይደለም። ጌታችን የዮናን ልጅ ስምዖንን ኬፋ አለው (ዮሐ. 1፡42)፤ በግሪክኛው ጴጥሮስ፣ ዓለት ማለት ነው። የዘብዴዎስን ልጆች ያዕቆብንና ዮሐንስን ቦአኔርጌስ፣ የነጐድጓድ ልጆች፣ ብሎ ሰየማቸው (ማር. 3፡17)። ይህን ስም ጌታ ፈገግ ሳይል የሰጣቸው አይመስለኝም፤ አላስተናገደቻቸውም ብለው በአንዲት የሳምራውያን መንደር ላይ ከሰማይ እሳት እንዲወርድ የፈለጉ እነዚሁ ሁለቱ ናቸውና (ሉቃ. 9፡54)። ሐዋርያት ደግሞ የቆጵሮሱን ሌዋዊ ዮሴፍን የመጽናናት ልጅ ሲሉ በርናባስ አሉት (የሐዋ. 4፡36)፤ ዛሬ የመጀመሪያ ስሙ ዮሴፍ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። በብሉይ ኪዳንም ሰሎሞን በነቢዩ በናታን በኩል በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ የሚል ትርጉም ያለው ይዲድያ የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር (2ሳሙ. 12፡25)። ራሔል በሞት ጣር ሳለች ልጇን የጭንቀቴ ልጅ ስትል ቤንኦኒ ብትለው፣ አባቱ ያዕቆብ ብንያም አለው፤ የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው (ዘፍ. 35፡18)። ያዕቆብ ሕፃኑ ዕድሜውን ሁሉ የእናቱን ሞት ተሸክሞ እንዲጠራ አልፈቀደም።

ስም ማሳጠርም ቢሆን በሐዋርያት ዘመን ነበረ። የቅዱስ ጳውሎስን የመንገድ ጓደኛ ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ሲላስ ይለዋል (15፡22)፤ ጳውሎስ ራሱ ግን በመልእክቶቹ መግቢያ ስልዋኖስ ብሎ ሙሉውን ይጽፋል (1ተሰ. 1፡1)። አብዛኞቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው እንደ ሆኑ ይቀበላሉ። በመንገድ ላይ ሲላስ ሲባል የኖረ ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን በሚነበብ ደብዳቤ ላይ ስልዋኖስ ተብሎ ተጻፈ። ይህን ልማድ ልብ እንበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አባቶቻችን ከግዕዝ የወረሱልን የክርስትና ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃላት የተዋቀረ ነው፦ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ክፍለ ማርያም፣ አምደ ጽዮን። የመጀመሪያው ቃል ብቻውን የሚቆም አይደለም። «ገብረ» ያለ ሰው ገና ንግግሩን አልጨረሰም፤ አገልጋይ ነው፣ ግን የማን? ጌታው የሚታወቀው በሁለተኛው ቃል ነው። ወልደ፣ የማን ልጅ? ኃይለ፣ የማን ኃይል? የስሙ ክብር ያለው በኋለኛው ቃል ላይ ነው።

አማርኛችን ሲያቆላምጥ የሚቆርጠው ግን በትክክል ይህንኑ ነው። ገብረ ማርያም ገብሬ ይሆናል፤ ወልደ ሚካኤል ወልዴ፣ ኃይለ ሥላሴ ኃይሌ፣ ተክለ ሃይማኖት ተክሌ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሀብቴ፣ ክፍለ ማርያም ክፍሌ፣ አምደ ጽዮን አምዴ። መቁረጥ ብቻም አይደለም፤ በተቆረጠው ስፍራ የሚገባ ነገር አለ። በስሙ መጨረሻ የምንሰማው ድምፅ «ልጄ»፣ «ቤቴ»፣ «ወንድሜ» ስንል የምንሰማው ያው ድምፅ ነው፤ «የእኔ» ማለት ነው። ተስፋ ሥላሴ ተስፋዬ ሲባል ነገሩ ግልጽ ሆኖ ይታያል፦ የሥላሴ የነበረው ተስፋ የእኔ ሆነ። የማርያም አገልጋይ የነበረው የእኔ አገልጋይ፣ የሥላሴ ኃይል የነበረው የእኔ ኃይል ሆነ። ሀብት በግዕዝ ስጦታ ማለት ስለ ሆነ ሀብተ ጊዮርጊስ የጊዮርጊስ ስጦታ ነበረ፤ ሀብቴ ስንለው በአማርኛ ጆሮ ገንዘቤ፣ ንብረቴ ይመስላል።

ይህን ስል እናቶች ልጆቻቸውን ሲያቆላምጡ ኃጢአት ይሠራሉ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። እናት «የእኔ» ካላለች ማን ይላል? ነገር ግን በስሙ ውስጥ በየቀኑ የሚደረገውን ዝውውር ማወቅ ይገባል። ሕፃኑ በጥምቀት ውኃ ውስጥ የእግዚአብሔር እንዲሆን ተሰጥቷል፤ ስሙም ይህን እንዲመሰክር ተሰይሟል። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስንመለስ ግን በአንዲት ፊደል ለራሳችን መልሰን እንወስደዋለን። ልጁ አድጎ ለክህነት ወይም ለምንኩስና ሕይወት ልግባ ሲል፣ ወይም እኛ ያላሰብንለትን መልካም መንገድ ሲመርጥ፣ «የእኔ ነው፤ አልሰጥም» የሚል ወላጅ ስንት አጋጥሞናል? ይህን ጠባይ ቁልምጫው አመጣው አልልም፤ ስሙን እስከ ፍጻሜው የጠራው ሰው ግን ልጁ አስቀድሞ የማን እንደ ሆነ ለመዘንጋት ይቸገራል።

ደግሞም ሌላ ወገን አለው። እግዚአብሔር ራሱ በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ባሪያዬ ብሎ የሚጠራው አለ (42፡1)፤ በዮርዳኖስም የአብ ድምፅ ልጄ ሲል ተሰምቷል (ማቴ. 3፡17)። ገብሬና ወልዴ በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው «የእኔ» እንግዲህ በመጀመሪያ የእግዚአብሔር ነው። ይህን የተረዳች እናት ልጇን ወልዴ ብላ ስትጠራ የአብን ቃል ተውሳ እንደምትናገር ታውቃለች። ልዩነቱ ሙሉውን ስም በማወቅና ባለማወቅ ላይ ነው። ወልደ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ወልዴ ቢባል ምንም አይጎድልበትም።

በከተማ ዛሬ የተለመደው ግን ሌላ ዓይነት ቁልምጫ ነው፤ ሚኪ፣ ዳኒ፣ ሳሚ፣ ናቲ፣ ቢኒ፣ ጆኒ የሚባለው። አነጋገሩ ከውጭ የመጣ ነው እያሉ የሚያዝኑ አረጋውያን አሉ። እኔ ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚቀረው ነገር ነው። ሚካኤል በዕብራይስጥ «እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ኤል ማለት እግዚአብሔር ነውና። ሚኪ ስንል እግዚአብሔርን አውጥተን «ማን» የሚለውን ብቻ እናስቀራለን፤ ጥያቄው ያለ ፍጻሜ ይንጠለጠላል። ዳንኤል እግዚአብሔር ፈራጄ ነው ማለት ሲሆን፣ ዳኒ ሲባል ፈራጁ ይቀርና ማንነቱ አይታወቅም። ናትናኤልም እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ነው፤ ናቲ ሲባል የተሰጠ ነገር አለ፣ ሰጪው ግን የለም። በአንጻሩ ብንያም ቢኒ ሲባል፣ ቃሉ በዕብራይስጥ «ልጄ» ከሚለው ጋር አንድ ይሆናል፤ ሳያስቡት ደህና ቦታ ላይ ወደቁ። አማኑኤልን አማን የሚሉ ቤተሰቦችም አውቃለሁ። ይህን እወደዋለሁ፤ አማን በግዕዝ እውነት ማለት ነው፣ በአማርኛም ሰላምና ደኅንነትን ያመለክታል። ሙሉው ስም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ይላል፤ አጭሩ ደግሞ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ሲሆን የሚገኘውን ይነግረናል።

ምንም ሳይቆርጥ የሚያቆላምጥ መንገድም በአማርኛ አለ፤ ዳዊትዬ፣ ዮሐንስዬ፣ ያዕቆብዬ ማለት። ምላስ ላይ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ከሁሉ የሚለሰልስ ይህ ይመስለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። ክህነት በተቀበልሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከቁምስናው ርቆ በሚገኝ አንድ የጸሎት ቤት በአንድ ቀን ብዙ ሕፃናትን አጥምቄ ነበር። ቀኑ መሸ፤ ዝናብም መጣ። የአንዱን ሕፃን ስም ስጠይቅ የክርስትና አባቱ «ገብሬ» አሉኝ፤ እኔም ቸኩዬ በመዝገቡ ላይ «ገብሬ» ብዬ ጻፍሁ። ዓመታት አለፉ። ያ ሕፃን ጎልማሳ ሊሆን ደርሶ፣ ወደ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ለመግባት የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሊጠይቅ ወደ እኔው መጣ። መዝገቡን ገልጠን አየን። በገዛ እጄ የተጻፈ፣ ግማሽ ስም። የክርስትና አባቱ ዐርፈዋል። እናቱ ገብረ ማርያም ነው አሉ፤ አክስቱ ደግሞ አይደለም፣ ገብረ ሚካኤል ነው አሉ። ልጁ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «አባ፣ ታዲያ እኔ የማን ገብር ነኝ?» አለኝ። ፈገግ አለ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

የተረዳነው በቀኑ ነው። በመዝገቡ ላይ የልደቱ ቀን 12 ተብሎ ተጽፏል፤ በአገራችን የቀን አቆጣጠር ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤል መታሰቢያ ነው። በ21 ቢሆን ኖሮ የማርያም፣ በ23 ቢሆን የጊዮርጊስ ባልነው ነበር። እናትየውም ይህን ሲሰሙ፣ በሚካኤል ዕለት ምጥ እንደ ያዛቸው አስታወሱና ተስማሙ። ምስክሮች አቅርበን መዝገቡ በሥርዓቱ ታረመ። ልጁም ደስ አለው፤ የብፁዕ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ያነብ ነበርና። እኚህ የጎጃም መነኩሴ በቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ ዘመን ካህን ሆነው፣ በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነታቸው በእስራት ሳሉ ያረፉ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብፅዕናቸው የታወጀ ናቸው። በልጅነታቸው እናታቸው ገብሬ ብለዋቸው ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ገብረ ሚካኤል ብላ ሙሉውን ትጠራቸዋለች። ቅዱስ ዮስጢኖስም ቢሆኑ ሕዝቡ በራሱ አንደበት አቡነ ያዕቆብ እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ የቤተሰባቸውን የኢጣልያ ስም ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ስም መልሶ ማለት ነው። ሕዝብ ሲያቆላምጥ ሁልጊዜ ያጎድላል ማለት እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አይታረምም። በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ልፈታ ቆሜ፣ የክርስትና ስማቸውን ጠየቅሁ። መንደሩ ሁሉ «ጋሽ ማሙሽ» ነው የሚላቸው። ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። ታላቂቱ በመታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ነገረችኝ፤ እርሱ ግን የዓለም ስማቸው ነው። ወላጆቻቸውም፣ የክርስትና አባታቸውም በሕይወት የሉም፤ የተጠመቁበትንም ስፍራ የሚያውቅ አልተገኘም። ያን ዕለት የክርስትና ስማቸውን ሳልጠራ ፈታኋቸው። እግዚአብሔር ስማቸውን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ እረኛ ነውና (ዮሐ. 10፡3)። እኛ ግን አላወቅነውም። ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ባቢ የሚሉት ቃላት ለማንኛውም ሕፃን የሚሆኑ የጉዝጓዝ ቃላት ናቸው፤ ስም አይደሉም። ሕፃኑን በእነርሱ መጥራት ክፉ አይደለም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ በእነርሱ ብቻ መቅረት ግን ያሳዝናል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ የምትጠይቀው ብዙ አይደለም። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቆሞሱ ለተጠማቂው የክርስቲያን ስም እንዲሰጥ፣ ወላጆቹ እምቢ ካሉም የአንድ ቅዱስ ስም ጨምሮ ሁለቱንም በመዝገብ እንዲጽፍ ያዝዝ ነበር (ቁ. 761)። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይህን አላልቶ፣ ወላጆች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ቆሞሱም ጭምር ከክርስቲያናዊ ስሜት የራቀ ስም እንዳይሰጥ እንዲጠነቀቁ ብቻ ያሳስባል (ቁ. 855)። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከቁጥር 2156 እስከ 2159 ስለ ክርስትና ስም ሲያስተምር፣ ስሙ የቅዱስ ወይም የአንድ ክርስቲያናዊ ምስጢር ወይም ምግባር ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል፤ የእያንዳንዱ ሰው ስም ቅዱስ እንደ ሆነና ለዘላለም እንደሚኖርም ያስረዳል። ስለዚህ ተስፋ፣ ብርሃን፣ ጸጋ፣ ሰላም የሚሉት የአገራችን ስሞች የቅዱስ ስም አይደሉም ተብለው የሚናቁ አይደሉም። እንዲያውም ብርሃነ ኢየሱስ፣ ጸጋ ሥላሴ፣ ተስፋ ማርያም የሚሉት ስሞች ቢያጥሩ እንኳ የሚቀረው ክፍል ብቻውን ክርስቲያናዊ ቃል ነው፤ ብርሃኔ፣ ጸጋዬ፣ ተስፋዬ የሚባል ልጅ ስሙ ባዶ አይቀርም።

ካቴኪስቶቻችን ወላጆችን ለጥምቀት ሲያዘጋጁ እንግዲህ ከስሙ ጋር ቁልምጫውንም ይጠይቁ። «ማን ልትሉት ነው?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ቤት ውስጥስ ምን ትሉታላችሁ?» ማለት ይገባል። ወላጆች ሲጠየቁ መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ኋላ ግን ደስ እያላቸው ይናገራሉ፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል። ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ሲያጥር ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚሄድ አብሮ መመርመር ይቻላል። የልጁ አባትና እናት ስለ ስም ካልተስማሙም አይደንግጡ፤ በዘካርያስ ቤት እንኳ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ሕፃኑ በአባቱ ስም ይጠራ እያለ ሲከራከር ነበር፤ ኤልሳቤጥ ዮሐንስ ነው ብላ ጸናች፣ የዘካርያስም አንደበት የተፈታው ያንን ስም በሰሌዳ ላይ ከጻፈ በኋላ ነው (ሉቃ. 1፡59-64)። የክርስትና አባትንም አደራ ማስታወስ ያስፈልጋል። የበዓል ስጦታ ማምጣት ብቻ አይደለም ሥራው፤ የልጁን ሙሉ የክርስትና ስም በልቡ ይዞ ማቆየት የእርሱ ነው።

ወላጆችን የማሳስበው አንድ ነገር አለ። በብዙ ቤት ሙሉ ስም የሚጠራው በቁጣ ጊዜ ነው። ልጁ ሳህን ሲሰብር ወይም ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ ገብሬ ይባል የነበረው በድንገት «ገብረ ማርያም!» ይባላል። ጌታም ጴጥሮስን በጌቴሴማኒ ተኝቶ ባገኘው ጊዜ ስምዖን ብሎታል (ማር. 14፡37)፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን በባሕር ዳር ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ ሲጠይቀውና መንጋውን አደራ ሲሰጠውም ስምዖን ነው ያለው (ዮሐ. 21፡15-17)። ልጅ የእመቤታችንን ወይም የመልአኩን ስም በቤቱ የሚሰማው ሲቆጡት ብቻ ከሆነ፣ ያ ቅዱስ ስም በጆሮው የዱላ ምልክት ይሆናል። ሲመርቁትም፣ ሲያስተኙትም፣ በማዕድ ጸሎት ላይም ሙሉ ስሙ ይጠራ።

ስለ ወረቀት ጉዳይም ጥቂት ልጨምር። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚነግሩን፣ የቅጽ መሙያው ሁለቱን ቃላት ለያይቶ ገብረን የልጁ ስም፣ ማርያምን የአባት ስም ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ በትምህርት ቤት ገብረ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በጥምቀት ምስክር ወረቀት ላይ፣ በልደት ምስክር ወረቀትም ላይ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ መጻፍ ይህን ለማስቀረት ይረዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ሲላስን በደብዳቤው ላይ ስልዋኖስ ብሎ መጻፉን አስቀድሜ ያነሣሁት ስለዚህ ነው፤ በአፍ ማሳጠር ይቻላል፣ በጽሑፍ ግን ሙሉው ይኑር።

ወደ ጀመርሁት ቤት ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ዳግመኛ ሄጄ፣ በመጀመሪያው ቀን የተናገርሁትን እንዳነሣሁ ነገርኋቸው፤ ስለ ገብሬና ስለ ናቲም እዚህ የጻፍሁትን በአጭሩ አስረዳኋቸው። ናትናኤል መልካም ስም እንደ ሆነም አልሸሸግሁም፤ ጌታችን ተንኰል የሌለበት ብሎ የመሰከረለት ሰው ስም ነውና (ዮሐ. 1፡47)። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ላስገድዳቸው አልችልም ነበር። ወጣቷ እናት ሕፃኑን እያጠባች ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «አባ፣ ለምን ሁልጊዜ የኋለኛው ይቆረጣል? የፊተኛውን ቆርጠን የኋለኛውን ብንጠራውስ?» አለችኝ። እንዴት አልሁ። «መስቀሌ» አለች።

አያትየው ከተቀመጡበት ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። አባትየውም ከዚያ በፊት አንድም ቃል ሳይናገር የቆየው ሰው፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለቅሰን ስላደረ ስሙ ይገባዋል» አለ። የራሱን መስቀል ተሸክሞ ጌታን መከተል ምን እንደ ሆነ (ማቴ. 16፡24) ያን ሌሊት ካደረ አባት በላይ ማን ያውቃል ብዬ ሳቅሁ።

በአርባኛው ቀን ተጠመቀ። በመዝገቡ ላይ በጥንቃቄ፣ ሁለቱን ቃላት አጋጥሜ፣ ገብረመስቀል ብዬ ጻፍሁ፤ የክርስትና አባቱም ጮክ ብለው እንዲያነቡት አደረግሁ። የሰፈሩ ልጆች ከአሁኑ ሜሲ እያሉት እንደ ሆነ ሰምቻለሁ፤ እናቱም አንዳንዴ፣ አያትየው ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ናቲ ትለዋለች።